ማድ ዶግን ማን ገፋው? የአንድ የሳን አንድሪያስ ሴቭ ምርመራ

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በሚባለው የቪዲዮ ጨዋታ ታሪኩ ላስ ቬንቹራስ ከተማ ከገባ በኋላ «ማድ ዶግ» የሚባል ሚሽን፣ ማለትም ተጫዋቹ ሊወጣው የሚገባ ተልዕኮ፣ ይመጣል። ማድ ዶግ ስሙ የገነነ ራፐር ነበር። ኑሮው የተመሰቃቀለው ተጫዋቹ በሚያንቀሳቅሰው በሲጄ ምክንያት ነው፤ ሲጄ ቀደም ብሎ የግጥም ደብተሩን ሰርቆበታል፣ ሥራ አስኪያጁንም ገድሎበታል። አሁን ሰውየው ሰክሮ ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሲጄ በአቅራቢያው የቆመችውን ካርቶን የተጫነች ፒክአፕ ነድቶ ከሥሩ ማቆም፣ ሲወድቅ በካርቶኖቹ መቀበል፣ ከዚያም ሆስፒታል ማድረስ ይጠበቅበታል። ከጨዋታው ከባድ ሚሽኖች ተርታ የሚመደብ አይደለም፤ ሰውየው ጣሪያው ላይ ወዲህ ወዲያ እያለ በቂ ጊዜ ይሰጣል።

ደሴ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ ግን ጊዜ አልሰጠውም። ሚሽኑ ገና ከመጀመሩ፣ ሲጄ የመኪናዋን በር ሳይነካ፣ ማድ ዶግ ከጣሪያው ዘሎ ይሞታል። እንደገና ሲሞክረውም ያው ነው። ይህ ሚሽን ካልታለፈ ደግሞ ታሪኩ ወደፊት አይሄድም። ልጁ የክረምት ዕረፍቱን ግማሽ ያፈሰሰበት ጨዋታ አንድ ሕንጻ ሥር ቆሞ ቀረበት። እኔ አዲስ አበባ ኮምፒውተር በመጠገን የምተዳደር ስለሆንኩ፣ በቤተሰቡ ዘንድ የተበላሸ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ስክሪኑን በስልኩ ቀርጾ በቴሌግራም ላከልኝ፤ ከሥሩ «ወንድም ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ እኔን ሲያይ ነው የሚዘለው» ብሎ ጽፏል።

እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ሰፈሩ የሚያውቀውን ሕክምና ሁሉ ቀምሷል። ጨዋታውን አጥፍቶ እንደገና ጭኗል። ይህ ሲያቅተው የጓደኛውን ቅጂ በፍላሽ አምጥቶ ጭኗል። በዚህኛው ቅጂ ላይ ሴቩ፣ ማለትም የደረሰበትን ደረጃ የያዘው ፋይል፣ ጭራሽ አልከፈት አለ፤ ከዚያ በኋላ «ፋይሉ ተበላሽቷል» የሚል ወሬ ቤቱን ሞላው። ሌላው ጓደኛው ደግሞ ጥፋቱን በፍጥነት ላይ ጣለ። ይህ ምክር መሠረት የሌለው አይደለም። የሳን አንድሪያስ የኮምፒውተር እትም በሴኮንድ የሚያሳያቸውን ምስሎች ብዛት የሚገድብ ማስተካከያ አለው፤ ሲበራ ጨዋታው በሴኮንድ 25 ምስል አካባቢ ይረጋል። ማስተካከያው ከጠፋ አዲስ ኮምፒውተር ጨዋታውን ከታሰበለት በላይ ያስሮጠዋል፣ እንቅስቃሴዎችም ይዛባሉ። ሲጄ ሲዋኝ ልክ እንደታሰረ ሰው መንቀሳቀስ የሚያቅተው በዚህ ምክንያት ነው። ልጁ ማስተካከያውን አበራው። ማድ ዶግ አሁንም ዘለለ።

ጨዋታው ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004፣ ለኮምፒውተር ደግሞ በሰኔ 2005 ነው። ዝቅተኛ መስፈርቱ 1 ጊጋኸርዝ ፔንቲየም 3 ፕሮሰሰር፣ 256 ሜጋባይት ራም እና 64 ሜጋባይት የምስል ካርድ ነው። ዛሬ ከቢሮ ተጥሎ የሚገኝ ላፕቶፕ ሁሉ ከዚህ ይበልጣል። ለዚህም ነው አንድ ቅጂ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ አገር ያዳረሰው፤ በየመንገዱ አንዱ መኪና ይጨምርበታል፣ ሌላው የሲጄን ልብስ ይቀይርበታል፣ ሦስተኛው ሚሽኖቹን ራሳቸውን ይነካካቸዋል። በመጨረሻ በእጃችን ያለው ሳን አንድሪያስ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። ለጥገና ሰው ትልቁ ራስ ምታት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚህ ጥፋቱ የት ነው የተቀመጠው የሚል ነው። ጨዋታው በሁለት ቦታ ይኖራል። ፕሮግራሙ፣ ምስሎቹ፣ ድምፆቹ እና የሚሽኖቹ ስክሪፕት (ሚሽኖቹ እንዴት እንደሚሄዱ የሚወስነው ትእዛዝ) በተጫነበት ፎልደር ውስጥ ናቸው። ተጫዋቹ የደረሰበት ደረጃ ግን እዚያ የለም። ዶክዩመንትስ ውስጥ «ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ» የሚባል ሌላ ፎልደር አለ፤ ሴቮቹ፣ የማስተካከያዎች ፋይል፣ ሲጄ ያነሳቸው ፎቶዎች ሁሉ እዚያ ይቀመጣሉ። ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ ስናጠፋ ይህኛው ፎልደር አይነካም። መልካም ነው፤ ደረጃችን አብሮ አይጠፋም። ችግሩ ሴቩ ውስጥ ከሆነ ግን ጨዋታውን አጥፍቶ መጫን፣ ጨው የበዛበትን ወጥ ወደ ሌላ ድስት እንደመገልበጥ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ግምት አያስፈልግም፤ ሴቭ መለዋወጥ ይበቃል። የእርሱን ሴቭ በእኔ ኮምፒውተር ላይ እከፍታለሁ፣ የእኔን ሴቭ እርሱ በራሱ ላይ ይከፍታል። ጥፋቱ ከፋይሉ ጋር ወደ አዲስ አበባ ከመጣ በሴቩ ውስጥ ነው። ደሴ ከቀረ በኮምፒውተሩ ወይም በተጫነው ጨዋታ ውስጥ ነው። ሴቭ መላላክን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ያቃተን ሚሽን ለመዝለል ነው፤ እኔ ግን ከምርመራ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ እና ፈጣኑ ይኸው ነው ባይ ነኝ። የሳን አንድሪያስ ሴቭ ከአንድ ባለቤት ወይም ከአንድ አካውንት ጋር አልታሰረም፤ የማንም ሴቭ በማንም ኮምፒውተር ላይ ሊከፈት ይችላል።

ሊከፈት የሚችለው ግን እትሞቹ ከተመሳሰሉ ነው። ልውውጡ ዋጋ የሚኖረው ሁለታችን ላይ ያለው ጨዋታ አንድ ከሆነ ብቻ ስለሆነ፣ ልጁ መጀመሪያ የጓደኛውን ቅጂ አንስቶ ከዓመታት በፊት ከእኔ የወሰደውን ዲስክ መልሶ እንዲጭን አደረግኩ። እኔም የምጫወተው ከዚያው ዲስክ ነው። በጓደኛው ቅጂ ላይ ሴቩ አልከፈት ያለበት ምክንያትም ወዲያው ግልጽ ሆነ። ሴቭ የሚመዘግበው ሲጄ የቆመበትን ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሚሽኖቹ ስክሪፕት ምን ላይ እንደደረሰም ይይዛል። ስክሪፕቱ የተነካካ ቅጂ ላይ ስናመጣው የሚጠብቀውን ነገር አያገኝም፤ አንዳንዴ አይከፈትም፣ አንዳንዴ ጨዋታው ራሱ ይዘጋል። የተበላሸው ፋይሉ ሳይሆን የሴቩና የቅጂው ግጥምጥሞሽ ነበር። ሕጋዊ ገዢዎችንም ይህ ነገር አልማራቸውም። እ.ኤ.አ. በ2014 ስቲም በሚባለው የጨዋታ መሸጫ ይሸጥ የነበረው እትም ሲታደስ የፈቃድ ጊዜያቸው ያለፈ ዘፈኖች ከሬዲዮኖቹ ወጡ፣ የቀድሞ ሴቮችም ከአዲሱ እትም ጋር ተለያዩ። በ2021 እንደገና ተሠርቶ የወጣው ዲፊኒቲቭ ኤዲሽን ደግሞ ከናካቴው ሌላ ጨዋታ ነው፤ የድሮውን ሴቭ አይቀበልም።

ፋይሉን ማግኘት ቀላል ነው። ጨዋታው ስምንት ማስቀመጫ ቦታ አለው፤ እያንዳንዱ አንድ ፋይል ነው፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ከ1 እስከ 8 ቁጥር ይይዛል፣ ከነጥብ በኋላ ደግሞ «ቢ» የምትለዋ ፊደል ትከተላለች። ቦታውን የሚወስነው ያ ቁጥር ነው። የሰው ሴቭ ሲመጣልን ቁጥሩን ሳናይ ከገለበጥነው፣ በዚያው ቁጥር ላይ ያለው የራሳችን ደረጃ ይጠፋል። ስለዚህ ለልጁ የላኩለትን የእኔን ሴቭ ወደ 8 ቀይሬ ላክሁት። መጠኑንም አብሬ ጻፍኩለት፦ 202,752 ባይት። በኮምፒውተሩ እትም ያልተነካካ ሴቭ መጠኑ ይኸው ነው፤ ጨዋታው መጀመሪያ ላይም ሆነ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ አይለወጥም። ከዚህ የተለየ መጠን ያለው ፋይል ሲመጣ በመንገድ የተቆረጠ ወይም ከሌላ እትም የመጣ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሴቭ ነው ተብሎ የሚጫን ፕሮግራም ከመጣ ደግሞ ሳይከፍቱ ማጥፋት ነው። ሴቭ መረጃ እንጂ ፕሮግራም አይደለም፤ በሴቭ ስም የሚመጣ ፕሮግራም ሌላ ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው።

የእርሱን ሴቭ እኔ ላይ ስከፍተው ወደ ማድ ዶግ መሄድ እንኳን አላስፈለገኝም። ሲጄ ከቤት ወጥቶ አስፋልቱን ከመርገጡ አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌን በቡጢ ትመታቸው ጀመር። ቀጥሎ ያለው መንገደኛ ሌላውን እያባረረ ነው። ጠብ የጫረ ነገር የለም፣ ጥይት አልተተኮሰም፤ መንገዱ ግን የጠብ ሜዳ ነው። ሚሽኑ ጋ ስደርስ ማድ ዶግ እኔንም አልጠበቀኝም። ደሴ ላይ የእኔ ሴቭ ሲከፈት ደግሞ ሰዉ ሁሉ በሰላም መንገዱን ይሄዳል። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ቅሬታ ነበር፤ «ያንተ ከተማ ጨዋ ነው» አለኝ።

ኮምፒውተሩም ጨዋታውም ነጻ ወጡ። ቀጣዩ ጥያቄ ሴቩ ውስጥ ምን ገባ የሚል ነው።

«ኮድ ተጠቅመሃል?» አልኩት።

«ሄሶያም ብቻ።»

ኮድ ማለት ጨዋታው ላይ ሲተየብ ልዩ ጥቅም የሚሰጥ ቃል ነው። ሄሶያምን የማያውቅ የሳን አንድሪያስ ተጫዋች የለም፤ ጤና ይሞላል፣ የጥይት መከላከያ ይሰጣል፣ 250,000 ዶላር ይጨምራል። ይህ ኮድ እግረኛን አያጣላም።

«ሌላስ?»

ትንሽ ዝም አለ። «እህቴ አንድ ቀን ሰዎቹ እርስ በርሳቸው የሚደባደቡበትን ኮድ አስገብታ ነበር። ግን እኮ ስቀን ስናበቃ ዘጋነው።»

የዘጉት ጨዋታውን ነው። ከመዝጋታቸው በፊት ግን ደረጃውን አስቀምጠዋል። የሳን አንድሪያስ ኮዶች በባሕርያቸው አንድ ዓይነት አይደሉም። መኪና የሚያመጣ ኮድ መኪናዋን ሰጥቶ ያበቃል። የአየር ሁኔታን የሚቀይር ኮድም ብዙ ጣጣ የለውም። እግረኞችን የሚነኩት ግን የተለዩ ናቸው፦ እርስ በርስ የሚያደባድባቸው፣ ተጫዋቹን የሚያስጠቃቸው፣ ከተማውን በሁከት የሚሞላው። ጨዋታው የትኛው ዓይነት ሰው የትኛውን እንደሚጠላ፣ የትኛውን እንደሚያከብር የሚመዘግብበት ሰንጠረዥ አለው፤ እነዚህ ኮዶች ያንን ይገለባብጡታል። ደረጃው ሲቀመጥ ሰንጠረዡም አብሮ ይቀመጣል። ጨዋታው ተዘግቶ ሲከፈት፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ፣ ፕሮግራሙ ተነቅሎ ሲጫን ጠቡ እዚያው ነው። ኮዱን ደግሞ ማስገባት የቀድሞውን ሰላም አይመልስም። ለነገሩ ጨዋታው ኮድ ከተጠቀሙ በኋላ ማስቀመጥ ደረጃውን ሊያበላሽ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እሺ የሚለውን የሚጫን ጣት ግን ከዓይን ይቀድማል።

ማድ ዶግ ታዲያ ለምን ይዘላል? በተጫዋቾች ዘንድ የታወቀው ማብራሪያ እኔም ካየሁት ጋር ይገጥማል። እኛ ማድ ዶግን የታሪኩ ባለ ድርሻ አድርገን ነው የምናየው፤ ለጨዋታው ግን ጣሪያ ላይ የተቀመጠ አንድ እግረኛ ነው። ሰንጠረዡ ሲበላሽ የሌላው ሁሉ ጠብ እርሱም ላይ ይደርሳል። ከሥሩ የተሰበሰበውን ሰው ወይም ሲጄን ሲያይ እንደ ሌላው እግረኛ ሊደባደብ ይንቀሳቀሳል፤ እርምጃው ግን ጣሪያው ካለቀበት በኋላ ነው። የልጁ ቀልድ ሳያውቀው እውነቱን ነክቶት ነበር። የሚሽኑ ጸሐፊዎች ሰውየውን በስክሪፕት ሲያቆሙት መንገዱ ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ አብዶ ይሆናል ብለው አላሰቡም።

ምክንያቱ ከታወቀ በኋላ የቀረው መፍትሔ መምረጥ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ከልጁ ጋር የተከራከርነው።

አንደኛው አማራጭ ከኮዱ በፊት ወደተቀመጠ ደረጃ መመለስ ነው። ልጁ ግን ከስምንቱ ቦታዎች የሚጠቀመው በአንዷ ብቻ ነው። ሁልጊዜ 1 ላይ ያስቀምጣል፣ በራሱ ላይ ይደርባል። 3 ላይ አንድ ያረጀ ደረጃ ተገኘ፤ ሲጄ ሳን ፊየሮ ውስጥ ነው፣ ጋራዡ ገና መከፈቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ይደገማል ማለት ነው፤ አብራሪነት የሚያስተምረውን የበረሃውን ትምህርት ቤት ጨምሮ። ያንን ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁለተኛ እንዲያልፈው መጠየቅ ጭካኔ ነው።

ሁለተኛው የእኔን ሴቭ መውሰድ ነው። የእኔ ከማድ ዶግ ያለፈ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይም ቀድሞ ተቀምጧል። ከፍቶ መቀጠል ብቻ ነበር የቀረው። ሰው ሁሉ የሚመክረው ይህንን ነው፣ እኔም መከርኩት። አልፈለገም።

«ያ እኮ ያንተ ሲጄ ነው» አለኝ። «ወፍራም ነው፤ ደግሞ ጸጉሩን ምን አድርገኸዋል?»

መጀመሪያ ሳቅኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ልጁ ልክ ነው። በሳን አንድሪያስ ሲጄ የበላው ምግብ በሰውነቱ ላይ ይታያል፣ ጂም የሠራው ጡንቻም እንዲሁ። ንቅሳቱ፣ ጸጉሩ፣ ልብሱ፣ ጋራዡ ውስጥ ያስቀመጣቸው መኪናዎች፣ ከሌሎች ቡድኖች የቀማቸው ሰፈሮች ሁሉ የተጫዋቹ ምርጫ ናቸው። የአክስቴ ልጅ ሎስ ሳንቶስ ውስጥ የተደበቁትን 100 የግድግዳ ጽሑፎች አንድ በአንድ ፈልጎ በራሱ ቀለም ሸፍኗቸዋል። እኔ ስለእነርሱ ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም። ከእኔ ሴቭ ቢቀጥል ታሪኩ ይቀጥልለታል፤ ከተማዋ ግን የእርሱ አትሆንም። ሴቭ መላላክን እንደ መልስ ቁልፍ የምናየው ሰዎች ይህን እንረሳለን። የተቀረቀረው ልጅ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ተቀርቅሮበት ከነበረው ቦታ ማውጣት ነው፤ የሌላ ሰው ሕይወት መውረስ አይደለም።

ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ቀረ፤ የራሱን ፋይል ማከም። እዚህ ላይ ፋይሉ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ሴቩ ተከታታይ ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል በእንግሊዝኛ «ብሎክ» በሚሉ አምስት ፊደላት ይጀምራል። አንዱ የተጫዋቹን ሁኔታ፣ ሌላው ጋራዦቹን፣ ሌላው የቡድኖቹን ሰፈሮች፣ ሌላው የእግረኞቹን ግንኙነት ይይዛል። የፋይሉ የመጨረሻዎቹ አራት ባይቶች ማረጋገጫ ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት ያሉት ባይቶች ሁሉ ተደምረው የሚገኘው ቁጥር እዚያ ይጻፋል። ጨዋታው ሴቩን ሲከፍት እንደገና ይደምራል። ድምሩ ካልገጠመ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አጥፋው ይላል። አንድ ቁጥር በእጅ ቀይሮ ድምሩን ያላስተካከለ ሰው የሚደርስበት ይኸው ነው፤ ጎበዙ እጅ ያስተካከለውን ጨዋታው ብልሽት ብሎ ይጥለዋል።

ደግነቱ ይህ ብልሽት የቆየና የታወቀ ስለሆነ፣ አድናቂዎች ለሳን አንድሪያስ ሴቮች በሠሩት ነጻ የማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ የማድ ዶግን ነገር ለብቻው የሚያስተካክል ትእዛዝ አለ። የእግረኞቹን መረጃ ወደ መጀመሪያው ሁኔታ ይመልሳል፣ ድምሩንም ራሱ ያስተካክላል። ሥራው ከደቂቃ አይበልጥም። ከትእዛዙ በፊት ያለው ጥንቃቄ ነው የሚበልጠው፦ የተበላሸውን ፋይል በሌላ ፎልደር ቅጂ አስቀመጥኩ፣ የታከመውን በ2 ቁጥር ሰየምኩ። ፕሮግራሙ ውስጥ ገንዘብ የሚጨምር፣ መሣሪያ የሚሞላ፣ መኪና የሚያስገባ ገጽም አለ፤ አልነካሁትም። አንድ በሽታ ሲታከም ሌላ ነገር አብሮ ከተቀየረ፣ በኋላ ችግር ቢመጣ ምንጩን መለየት አይቻልም።

እኔ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው መንገዱ ጸጥ ብሏል። ሴትዮዋም ሽማግሌውም በየፊናቸው ይሄዳሉ። ጣሪያው ሥር ፒክአፗን አቆምኩ፤ ማድ ዶግ ወዲህ ወዲያ አለ፣ ቆየ፣ ከዚያ ካርቶኖቹ ላይ ወደቀ። ይህን ለፈተና ነው ያደረግኩት። አላስቀመጥኩም፤ ሚሽኑን ማለፍ የልጁ ድርሻ ነው።

ፋይሉን ዚፕ አድርጌ ላክሁለት። ዚፕ ማድረግ ለመጠኑ ሲባል አይደለም፤ ፋይሉ ትንሽ ነው። ስሙ በመንገድ እንዳይቀየር ነው። አንድ ፋይል ሁለት ጊዜ ሲወርድ ስልኮችና ኮምፒውተሮች ከስሙ ኋላ ቁጥር ይጨምራሉ፤ ጨዋታው ደግሞ ስሙ በአንዲት ፊደል ከተለየ ፋይሉን አያየውም። ከሰዓታት በኋላ ልጁ ደወለ፤ 2 ቁጥር ላይ ምንም የለም። ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። ፋይሉን ጨዋታው የተጫነበት ፎልደር ውስጥ ከፕሮግራሙ ጎን አስቀምጦታል። ዶክዩመንትስ ውስጥ ወዳለው ሲያዛውረው ወዲያው ታየ። በዚያው ምሽት «ሆስፒታል አደረስኩት» የሚል መልእክት መጣ።

ጉዳዩ ግን እዚያ አላቆመም። ልጁ ሴቩን ለክፍል ጓደኛው ሰጠው፤ ጓደኛው ጨዋታውን ገና መጀመሩ ነው፣ ላስ ቬንቹራስን ቶሎ ማየት ፈለገ። በጓደኛው ላፕቶፕ ላይ ሴቩ አይታይም። በትክክለኛው ፎልደር ተቀምጧል፣ መጠኑ 202,752 ነው፣ ስሙም ልክ ነው። ይባስ ብሎ የራሱን ደረጃም ማስቀመጥ አይችልም፤ ጨዋታው በተዘጋ ቁጥር ማስተካከያዎቹ ሁሉ ይጠፋሉ። ልጁ አሁን ዘዴውን ለምዷል፣ ሌላ ሴቭ ሞከረ፤ ያም አልታየም። ጥፋቱ ከሴቩ ጋር ስላልሄደ ላፕቶፑ ውስጥ ነው አለ። ልክ ነበር።

ምስጢሩ የተጠቃሚው ስም ላይ ተገኘ። ጓደኛው ዊንዶውስን ሲያዘጋጅ ስሙን በአማርኛ ፊደል ጽፏል። ዊንዶውስ በዚያ ስም ፎልደር ይከፍታል፣ ዶክዩመንትስም በውስጡ ይሆናል። ዛሬ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ለዚህ ግድ የላቸውም። የ2005ቱ ጨዋታ ግን ፊደላትን የሚያነበው በድሮው ሥርዓት ነው፤ በዚያ ሥርዓት ለግዕዝ ፊደል የተመደበ ሠንጠረዥ በዊንዶውስ ውስጥ ከመነሻው የለም። አድራሻው ውስጥ የኛ ፊደል ሲገጥመው መንገዱ ይጠፋበታል፤ የሚያነብበትም የሚጽፍበትም ቦታ የለውም። የሚያናድደው፣ ከቁጥጥር ገጹ ገብቶ የተጠቃሚውን ስም መቀየር አይረዳም። የሚቀየረው ስክሪኑ ላይ የሚታየው ስም ነው፤ ፎልደሩ መጀመሪያ በተሰጠው ስም ይቀራል። በላቲን ፊደል አዲስ ተጠቃሚ ከፈቱ፣ ጨዋታውን ከእርሱ ጀመሩት፣ ሴቩን አዲሱ ዶክዩመንትስ ውስጥ አስገቡት፣ ሠራ። ለአሮጌ ጨዋታ ሲባል የራስን ስም በባዕድ ፊደል መጻፍ ደስ አይልም፤ ሊሞከር የሚችል አማራጭ ሳይለንት ፓች የሚባለው የአድናቂዎች ማስተካከያ አለ፤ የተጠቃሚ ፎልደሩን አድራሻ አፈላለግ ያሻሽላል። ልጆቹ ግን አዲስ ተጠቃሚ መክፈት ቀለላቸው።

ሴቭ የመለዋወጡን ዘዴ ያን ያህል ካሞገስኩ፣ የሚያስተውን ቦታ ማሳየት ይገባኛል። እዚሁ ሳን አንድሪያስ ላይ ከሁሉም የሚገርም ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ዊንዶውስ 11 24ኤች2 የሚባለው እትም ሲወጣ ስኪመር የምትባለው በውሃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ከጨዋታው ጠፋች። ያንኑ ሴቭ ዊንዶውስ 10 ላይ ብንከፍተው አለች፤ አዲሱ ላይ የለችም። በእኔ ዘዴ ፍርዱ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው። አይደለም። የሳይለንት ፓች አዘጋጅ በ2025 ነገሩን እስከ ሥሩ ቆፍሮ አወጣው። ጨዋታው የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ መረጃ ከአንድ የጽሑፍ ፋይል ያነባል፤ በስኪመር መስመር ላይ የጎማ መጠን የሚገልጹት የመጨረሻ ቁጥሮች የሉም። በቀድሞው ጨዋታ በቫይስ ሲቲ ስኪመር የምትቆጠረው ከጀልባ ወገን ነበር፤ ጀልባ ደግሞ ጎማ አያስፈልጋትም። ፕሮግራሙ የጎደለውን በራሱ አይሞላም፤ ቀድሞ ካነበበው መስመር በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ የቀረውን ይወስዳል። ከስኪመር በፊት የሚነበበው ቶፕፈን የሚባል ቫን ነው፣ የጎማው መጠን 0.7። አውሮፕላኗ 20 ዓመት ያህል የበረረችው በቫን ጎማ ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ ያንን የማስታወሻ ቦታ ለራሱ ሥራ ሲጠቀምበት ትርፍራፊው ጠፋ፣ ስኪመርም ትርጉም የሌለው ቁጥር ደረሳት።

ልውውጡ እንግዲህ ምልክቱ የት ላይ እንደሚቀያየር ይናገራል እንጂ ጥፋተኛውን አይጠራም። በአክስቴ ልጅ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ቦታ ገጠሙ፤ ዕድለኞች ነበርን።

ልጆቹ አሁን የራሳቸው የሴቭ ማከማቻ ከፍተዋል። በቴሌግራም በሚላላኩት ዚፕ ስም ላይ የእትሙን ዓይነት፣ የመጨረሻውን ሚሽን እና የተገባ ኮድ ካለ እርሱን ይጽፋሉ። የመጨረሻዋ ሐሳብ የታናሽ እህቱ ናት፤ የእርሷ ሴቭ ስም ሁልጊዜ ከሌሎቹ ይረዝማል። አንዱ የስልክ እትም ላይ እንዲሠራ ጠይቆ ነበር፣ አይሠራም አልኩት፤ የስልኩ ሴቭ አሠራሩ የተለየ ነው። ሰሞኑን ደግሞ የአብራሪነት ትምህርት ቤቱን ያለፈ ሴቭ የሚፈልግ ሌላ ልጅ መጥቷል። ያንን ያለ ምንም ክርክር ላክሁለት።